ሁዳዴ የጾመው ሸርጣን

አባቴ ጎንደር እኛ ቤት ሲመጡ የመመለሻቸውን ቀን ይዘው ነው የመጡት። ገና በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ፣ ለባለቤቴ አስታወቋት፤ «እስከ ፋሲካ ነው። ዶሮየን በልቼ እመለሳለሁ። አልጋ አትልቀቁልኝ፣ እዚሁ መደቡ ላይ ይበቃኛል።» መደብ የለንም። ያለን ሶፋ ነው። እሱንም ከዚያን ቀን ጀምሮ መደብ ብለው ጠሩት፣ ልጆቻችንም ተከተሏቸው፣ አሁን ሁላችንም መደብ ነው የምንለው።

ከዳባት በላይ ካለው አገራቸው ያመጣኋቸው መጀመሪያ ለምኜ፣ ቀጥሎ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ እግራቸው ላይ ወድቄ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ባለፈው ክረምት ከበጎቹ ጋጥ ደጃፍ ጭቃው አንሸራትቷቸው ወደቁና ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ አንድ ቀን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባቸው ዋለ። እሳቸው ይህንን ሲያወሩት «ትንሽ አረፍ ብዬ ነበር» ነው የሚሉት። እኔ ግን የዚያን ቀን የተደወለልኝን ስልክ አልረሳሁትም። ተመልሰው ከሄዱ በሚመጣው ክረምት ሲወድቁ ማን ያነሳቸዋል? ስለዚህ እሳቸው «እስከ ፋሲካ» ሲሉ እኔ በልቤ ለሁልጊዜው ነው የተቀበልኳቸው። እንዴት አድርጌ እንደማስቀራቸው ግን ቅንጣት መላ አልነበረኝም።

ችግሩ ከተማ ውስጥ ለአባቴ የሚሆን ሥራ አለመኖሩ ነው። እኔ አራዳ ውስጥ መስታወትና አልሙኒየም እሠራለሁ፤ መስኮት፣ በር፣ የሱቅ ማሳያ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሱቄ ውስጥ ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳቸው። አንድ ሰው ለአዲስ ቤቱ ስድስት መስኮት ሊያዝዝ መጥቶ ስንነጋገር አባቴ ከወንበራቸው ሆነው «አያ፣ ይኸን ያህል መስኮት ምን ያደርግልሃል? ብርድ ነው የሚያስገባብህ» ብለው መከሩት። ሰውዬው ላስብበት ብሎ ሄደ። እስካሁን እያሰበ ነው። ከዚያ በኋላ አባቴ ቤት እንዲውሉ በፍቅር ተስማማን።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሳጥኑ ነበር።

ባለቤቴ ሳጥኑን ለእንግዳ ስታስተዋውቅ «ባሌ ረግረግ ገዝቶ ሳሎን አስቀመጠ» ትላለች። አልገዛሁትም፣ ሠራሁት። አንድ ኬክ ቤት ትልቅ የኬክ ማሳያ አዝዞኝ፣ መስታወቱን ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ባለቤቱ ሐሳቡን ለወጠ። መስታወቱ ሱቄ ጥግ ተደግፎ በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር ያየኛል። ያን ሰሞን ደግሞ ስልኬ ላይ ሰዎች ግማሹ ውኃ ግማሹ መሬት የሆነ የመስታወት ሳጥን እየሠሩ ውስጡ እንስሳ ሲያረቡ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘሁና እጄ አላርፍ አለ። መገጣጠሚያውን በሲሊኮን አጣበቅሁ። በአንዱ ወገን ጠጠርና አፈር ከምሬ ተዳፋት አደረግሁ፣ በሌላው ወገን ውኃ ሞላሁ፣ ውኃውን ወደ ላይ ገፍቶ በድንጋይ ላይ የሚያወርድ ትንሽ ፓምፕ ተከልኩ። ወለቃ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ገንቦዎች አንዱ ቤት ሲደርስ ተሰብሮብኝ ስለነበር ስባሪውን ዋሻ አደረግሁት።

ሸርጣኖቹን ያገኘኋቸው ውኃ በመጥፋቱ ነው። ቧንቧው ጸጥ ካለ ብዙ ቀን ሆኖት ከአንገረብ በላይ ካለች ምንጭ ልቀዳ ጀሪካን ይዤ ወረድኩ። አንድ ሸርጣን ከውኃው ወጥቶ እርጥብ ሣር ላይ፣ ርስቱን እንደሚጎበኝ ሰው፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሁ። ሸርጣን ውኃ ውስጥ ብቻ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ለካ የኛ አገሩ ግማሽ ኑሮው መሬት ላይ ነው፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሣር ላይ ይወጣል፣ ሲሻው ይነከራል። ያን ቀን ቤቴ የተመለስኩት በግማሽ ጀሪካን ውኃና በሦስት ሸርጣን ነው። በኋላ ሁለት እንቁራሪት፣ ጥቂት ቀንድ አውጣና ጣት የሚያካክሉ ስምንት ዓሣዎች ጨመርኩ።

ባለቤቴ ሁለት ክስ ነበራት። አንደኛው «ሰው የሚታጠብበት አጥቶ ሸርጣን ፏፏቴ ይሠራለታል» የሚል ነው። ሁለተኛው ሸርጣን ክንፍም ቅርፊትም ካላቸው ዓሣዎች ወገን ስላልሆነ ርኩስ ነው የሚል ነበር። የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ከሰሰችኝ። እሳቸው ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብለው «ይበላል?» ብለው ጠየቁኝ። «ኧረ አባ! የሚታይ ነው እንጂ» አልኳቸው። «ማየትማ አልተከለከለም» አሉና ተቀምጠው አዩት። በጣም ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ውኃ አቀረበችላቸው።

አባቴ ሳጥኑን መጀመሪያ ያዩት ዕለት ዱላቸውን ተደግፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ደግ ነገር ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ይኸን መሬት ማነው ያበጀው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባየ።»

«ያስታውቃል።»

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ መሬቱ ሌላ ሆኗል። ከድንጋዩ የሚወርደው ውኃ አፈሩን እያጠበ ሳጥኑን ያደፈርስብኝ ነበር፤ ለአንድ ወር ያህል ስልኬ ላይ መላ ስፈልግ ከርሜያለሁ። አባቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው በጠጠር ሦስት እርከን ሠርተው፣ ከላይ ደግሞ በማንኪያ ጫፍ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቀደው አገኘኋቸው። ውኃው ኩልል ብሏል። ማንኪያው ከሠርጋችን ዕቃዎች አንዱ ነበር፤ ባለቤቴ አንዴ አየችው፣ አንዴ እሳቸውን አየች፣ ትታው ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲያ የሳጥኑ አዛዥ እሳቸው ሆኑ። ትልቁን ሸርጣን ኮርማው አሉት። ኮርማው የሌሎቹን ምግብ ስለሚቀማ ለብቻው በአንድ ጥግ ይመገባል፣ ሁለቱ በሌላ ጥግ። እንቁራሪቶቹን ሥራ ፈቶች ይሏቸው ነበር። ቀንድ አውጣዎቹን ግን መስታወቱን ሲልሱ ስለሚውሉ ያከብሯቸዋል። ማታ ማታ ራት ላይ የቀኑን ወሬ ይነግሩናል፤ ማን ማንን ከዋሻው እንዳስወጣ፣ የትኛው ቁጭ ብሎ እንደዋለ፣ የትኛው ዓሣ እንደቀበጠ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ያን ያህል ረጅም ወሬ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ማታ እንባዬ መጣብኝና መስታወት ስቆርጥ ስለዋልኩ ዓይኔን ነው ብዬ አሳበብኩ። ሽንኩርት እንጂ መስታወት እንደማያስለቅስ የምታውቀው ባለቤቴ እንጀራ ጨመረችልኝ።

ነገሩ የተበላሸው በቅበላ ነው።

የሁዳዴ ዋዜማ ዕለት ለሸርጣኖቹ ትንሽ የተቀቀለ እንቁላል ስፈረፍርላቸው አባቴ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «ይኸ ከብት ሌላ ምን ይበላል?» አሉኝ። ጎመን እንደሚበላ፣ ድንች እንደሚበላ፣ ዋናው ግን የደረቀ ዓሣ፣ እንቁላልና ቁራጭ ሥጋ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ነገ ጾም ይገባል» አሉ።

«አዎ አባየ።»

«እህሳ?»

ሳቅሁ። ሸርጣን እኮ ክርስትና አልተነሳም ልላቸው ስል ፊታቸውን አየሁና ሳቄ መንገድ ላይ ቀረ።

«ድመት አይጧን ራሷ ታድናለች፣ እኛን አይነካንም» አሉ። «ይኸ ግን ከእጃችን ነው የሚበላው። በሁዳዴ በዚህ ቤት ሥጋ የሚቆርስ እጅ የማነው? ያንተ ነው? የሷ ነው?»

ያኔ ነው ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ያለችው። እስከዚያች ቀን የሳጥኑ ቀንደኛ ጠላት ነበረች። «ሥጋ የነካው ቢላና መክተፊያ ታጥቦ ተሰቅሏል፤ ለሸርጣን ብዬ አላወርደውም» አለች። ሁለቱ ተያዩ። እንዲህ ተስማምተው አይቻቸው አላውቅም።

ስለዚህ ሸርጣኖቹ ጾሙ። ምስር ንፍሮ፣ ጎመን፣ ድንች፣ የበቀለ ሽምብራ። ይህ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር፤ አባቴ ግን ሰዓቱንም ጨመሩበት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳጥኑ ውስጥ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምግብ የሚባል አይገባም። ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ስለሆነ ጠዋት ይበላሉ። እኔ ሱቅ ሆኜ በስድስት ሰዓት ሽሮዬን እንደምበላ ሲደርሱበት «ኮርማው ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል፤ አንተ ምነው?» አሉኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ሠራተኛ አስተዳድራለሁ፣ ከሸርጣን ጋር ተወዳድሬ ተሸነፍኩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሸርጣን ሥጋ ነገር ካላገኘ እንደማይሆንለት አውቅ ነበር። በተለይ ቅርፊቱን ለማጠንከር እንቁላልም የእንቁላል ልጣጭም ያስፈልገዋል። አውቄ ዝም አልኩ። አባቴ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነስተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ንፍሮውን በሳህን ይዘው ወደ ሳጥኑ ሲሄዱ ደስታቸው ያስታውቅ ነበር። ያንን ላበላሽ አልፈለግሁም። ሲሄዱብኝ ከማይ ሸርጣኖቹ ቢከሱ መረጥኩ።

ሸርጣኖቹ ግን መክሳቱን አልመረጡም። ስምንት የነበሩት ዓሣዎች በሁለተኛው ሳምንት ሰባት ሆኑ። በደብረ ዘይት ሰሞን አምስት ነበሩ። ባለቤቴ የጎረቤት ድመት ጠረጠረች። አባቴ «ዓሣም ያረጃል» አሉ። እኔ ጥፋተኛውን አውቄዋለሁ፤ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ቀድመውን ገብተው ነበርና ከሳሎን ጩኸት ሰማን። ኮርማው ሁለተኛው እርከን ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። በግራ መቆንጠጫው አንድ ዓሣ ይዟል፣ ጅራቱ ብቻ ነው የቀረው።

«ጾም ገደፈ!» አሉ አባቴ። «ተመልከቱት! ዓይኑን እንኳ አልሰበረም!»

ባለቤቴ ልታጽናናቸው ብላ ነገሩን አባሰችው። «አባየ፣ ከተማ ውስጥ እኮ ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ። ሆቴል ቤቱ ሁሉ ይሸጣል።»

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴም።»

«የማነው ሃይማኖቱ?» አሉ። ከዚያ ጉዳዩ ከሸርጣኑ አልፎ ወደ ሆቴሎች፣ ከሆቴሎቹ ወደ ከተማ ሰው በጠቅላላ ሄደ። እኔ መካከል ገብቼ የመስታወት ግርዶሽ እንደምሠራ ቃል ገባሁ። ሰኞ ዕለት ከሱቅ ልኩን ቆርጬ አምጥቼ ዓሣዎቹን ከሸርጣኖቹ ለየሁ። አባቴ ግርዶሹን በጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው ሞከሩትና «ሸጋ ነው» አሉ። በመስታወት ሥራ ሃያ ዓመት ስቆይ ከአባቴ የሰማሁት የመጀመሪያው ምስጋና ነበር።

ሆሳዕና ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ሱቅ ውስጥ ከአንዲት ሙሽራና ከእናቷ ጋር ስለ ቁም ሳጥን መስታወት እየተነጋገርን ሳለ፣ አባቴ በሩ ላይ ቆሙ። ከቤታችን እስከ አራዳ ያለውን ዳገት በእግራቸው፣ ብቻቸውን ነው የመጡት። ጋቢያቸውን በደንብ አጣፍተዋል፣ እጃቸው ላይ በነጭ መሐረብ የተቋጠረ ነገር አለ። ደንበኞቹን ሰላም አላሉም። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ፈቱት። ኮርማው ነበር። እግሮቹ ተሰብስበዋል፣ ቀለሙ ገርጥቷል።

«ልጀ፣ ከብትህን ገደልሁት» አሉ።

ሙሽራዋ ጮኸች። እናቷ አማተቡ።

እኔ ግን አንስቼ ሳየው ክብደት የለውም። ከኋላ በኩል ቅርፊቱ ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሸርጣን ሲያድግ አሮጌውን ቅርፊት አውልቆ ይጥላል፣ ገላው ለስላሳ ስለሚሆን አፈር ውስጥ ገብቶ እስኪጠነክር ይደበቃል። ይህንን ቪዲዮ ላይ አይቼው ነበር። በደስታ ሳቅሁ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያች ሳቅ የተጸጸትኩበት ነገር የለም። አባቴ ዳገት ወጥተው ኃዘናቸውን ይዘውልኝ መጥተው እኔ በሰው ፊት ሳቅሁባቸው።

«አልሞተም አባየ፤ ልብሱን አውልቆ ነው።»

«አውልቆ?»

«እባብ ቆዳውን እንደሚጥለው።»

«እባብ ቆዳውን ነው የሚጥለው» አሉ። «እግሩን አይጥልም፤ ዓይኑን አይጥልም። ይኸው ዓይኑ! ይኸው ጥርሱ! ሰው ገላውን በሙሉ አውልቆ የት ይሄዳል?» መሐረቡን መልሰው ቋጠሩት። «እንግዳ ሆኜ መጥቼ የቤትህን ከብት በረኃብ ገደልሁ። ፋሲካን አልጠብቅም። ነገ ጠዋት አሳፍረኝ።»

ምን ላድርግ? አፈሩን ቆፍሬ ኮርማውን እንዳላሳያቸው፣ ገላው እንደ ቅቤ የለሰለሰ እንስሳ በጣት ከነኩት በእርግጥ ይሞታል። ያን ጊዜ እሳቸውም ትክክል ሆኑ፣ እኔም አባቴን አጣሁ። ካልቆፈርኩ ደግሞ ነገ ይሄዳሉ። ቤት አድርሻቸው ሱቁን ለሠራተኞቹ ትቼ፣ ባልዲ ይዤ፣ ወደዚያች ምንጭ ወረድኩ።

ሸርጣን ሲፈልጉት አይገኝም። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ድንጋይ ሳነሳ ድንጋይ ስመልስ አንዲት ልብስ የምታጥብ ሴት «ምን ጠፋብህ ወንድሜ?» አለችኝ። ቀለበት አልኳት። አብራኝ ትፈልግ ጀመር። በመጨረሻ ኮርማውን የሚያክል፣ እንደሱ ወፍራም፣ እንደሱ ጥቁር ቡና የሚመስል አንዱን ከሥር ጎትቼ ሳወጣ አውራ ጣቴን ነክሶ ያዘኝ። ሴትዮዋ ቀለበቴን ሳይሆን እኔን ነው የምታየው። ሸርጣኑን ባልዲው ውስጥ ጣልኩና ሄድኩ።

ቤት ስደርስ አባቴ መደባቸው ላይ ልብሳቸውን እያጣጠፉ ነበር። ሸርጣኑን ቀስ ብዬ እርከኑ ላይ አስቀመጥኩት። ጣቴ ይደማል፣ ካልሲዬ ይንጠባጠባል።

«አባየ! አባየ! ይምጡ፣ ወጣ!»

መጡ። ጎንበስ አሉ። ብዙም አልቆዩ።

«ይኸ የኛ አይደለም» አሉ።

«እንዴት አይደለም? እሱ እኮ ነው!»

«የኛ ግራኝ ነው። ይኸ የሚቆነጥጠው በቀኙ ነው። የኛ ሰው ሲያይ ወደ ዋሻው ያፈገፍጋል፤ ይኸ አገሩን አያውቀውም።» ቀና ብለው እግሬን አዩ፣ እርጥብ ሱሪዬን አዩ፣ ጣቴን አዩ። «ከብት ሳውቅ ነው ያረጀሁት። ምነው እንዲህ ደከምህ?»

ብዙ ብልጥ መልስ ማዘጋጀት የምችል ሰው ነኝ፤ ደንበኛ ሲቆጣ አንድ አላጣም። ያን ጊዜ ግን እውነቱ አመለጠኝ። «እንዳይሄዱብኝ ነው» አልኩ። «በክረምት እንደገና ይወድቃሉ። እኔ እዚህ ሆኜ ስልክ ስጠብቅ መኖር አልችልም። እፈራለሁ አባየ።» ድምፄ እንደ ልጅ ሆነ። ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ማጠቧን አቆመች።

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ፊት ለፊት እንዳያዩኝ ሳጥኑን እያዩ ነው የተናገሩት። «ይኸንን ባዕድ ወደ አገሩ መልሰው» አሉ። «ያንተ አልሞተም ካልህ እሽ፣ እጠብቃለሁ። ከብትህን በዓይኔ ሳላይ አልሄድም፤ ገድሎ ሸሸ አታስብለኝም። በሕይወት ባየሁት ማግስት ግን ትሸኘኛለህ። ቃልህን ስጠኝ።»

ቃሌን ሰጠሁ። ምን ምርጫ ነበረኝ? በማግስቱ ባዕዱን ወደ ምንጩ ስመልስ ያቺ ሴትዮ አለመኖሯን መጀመሪያ ከሩቅ አረጋገጥኩ።

ሰሙነ ሕማማት መጣ። አባቴ ጠዋት ለስግደት ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ሳጥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ሁለቱ ትንንሽ ሸርጣኖች ይወጣሉ ይገባሉ፤ ኮርማው የለም። የፋሲካ ዕለት አባቴ የመጀመሪያውን እንቁላል ራሳቸው ፈርፍረው ለሁለቱ ሰጧቸው፣ «እናንተም እንኳን አደረሳችሁ» ብለው። ዶሮው ተበላ። ስለ መሳፈር ማንም አላነሳም። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፤ ኮርማው አሁንም የለም። እኔ በሆዴ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በጾም የተጎዳ ሸርጣን ቅርፊቱን ማጠንከር አቅቶት እዚያው አፈሩ ውስጥ ቀርቷል ብዬ ደምድሜያለሁ። አባቴ ይህን ሲያውቁ ምን እንደሚሆኑ እያሰብኩ እጨነቅ ነበር። በየማታው ስገባ «ዛሬስ ወጣ?» እላቸዋለሁ፣ «አልወጣም» ይሉኛል። እኔም እሳቸውን ላለማየት ካልሲዬን አወልቃለሁ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ሜትሬን ረስቼ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት ተመለስኩ። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የሳጥኑ ክዳን ተከፍቷል፣ እጃቸው ውስጥ ነው። ከጣታቸው ላይ እንቁላል እየወሰደ የሚበላው፣ ከበፊቱ የሰፋ፣ ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ ሸርጣን ነበር። በግራው ነው የሚበላው።

ልጮህ አፌን ስከፍት ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ብላ፣ ብላ፣ ቶሎ በል» ይሉታል። «ብላና ግባ። ያ ልጅ ካየህ አገሬ ሊሸኘኝ ነው።»

እግሬን አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ ኋላ ወጣሁ። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። ፊቴን ስታይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ክንዴን ይዛ እስከ ውጭው በር ወሰደችኝ።

«ስንት ቀኑ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ከወጣ? ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«እንቁላሉን ማን የሚቀቅልላቸው መሰለህ?» አለችኝ፣ የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች።

ሜትሬን ሳልወስድ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ያን ቀን የሠራሁትን መስኮት በዓይን ግምት ነው የለካሁት፤ በኋላ ድጋሚ ሠርቼዋለሁ። አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስመጣ ገና ከመንገድ ጀምሮ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፣ የውጭውን በር አንኳኳሁ፣ ከፍቼም በኃይል ዘጋሁት። ጫማዬን ሳወልቅ ለረጅም ጊዜ አጎንብሼ ቆየሁ። ስገባ አባቴ መደባቸው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፣ የሳጥኑ ክዳን ተከድኗል፣ ባለቤቴ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«ዛሬስ ወጣ አባየ?» አልኳቸው።

«ምኑ ይወጣል!» አሉኝ ወደ ሳጥኑ ሳያዩ። «እኔስ ክረምቱን ሳያሳልፍ የሚወጣ አይመስለኝም።»

«ይሁና አባየ» አልኩ። «አይቸኩል።»